«እንጀራ ይተዉ» ከመባሉ በፊት

ብዙ ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት የተለጠፈ አንድ ወረቀት አለ። ከክሊኒክ የመጣ ነው። ዳቦ ይቀንሱ፣ ፓስታ ይቀንሱ፣ ድንች ይቀንሱ ይላል። ሥዕሉ ላይ ብሮኮሊና የተጠበሰ ዓሣ አለ፤ ሽሮ የለም፣ ምስር የለም፣ ጎመን የለም። አባት ወረቀቱን ያነበቡት ዓምና ነው፤ አሁን ማቀዝቀዣውን ሲከፍቱ አያዩትም። ሌላ ቤት ደግሞ ሐኪሙ ቸኩሎ «እንጀራ ይተዉ» ብሏል። እናት ለሁለት ሳምንት እንጀራ ተዉ፤ ደከማቸው፣ ተናደዱ፣ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ነበሩበት ተመለሱ።

«ወላጆቻችን ምክር አይሰሙም» ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ ሌላ ቦታ ይመስለኛል፤ ከምክሩ በፊት መሠራት የነበረበት ሥራ ተዘሏል። ማንም አልጠየቃቸውም። በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ? በስንት ሰዓት? እንጀራው ከምን ዱቄት ነው? ቤት ውስጥ የሚያበስለው ማን ነው? አሁን ጾም ነው ወይስ ፍስክ? ይህ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ለማንም ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ ለማንም አይሆንም።

ሙያዬ ሶፍትዌር ነው። ስለ ምግብ ሕክምና የመጻፍ ሥልጣን የለኝም፤ ግን አንድ ጊዜ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በኮምፒውተር የሚሞሉትን ቅጽ የመሥራት ሥራ ደርሶኝ ነበር። ቅጽ ለመሥራት የሰዎቹን አሠራር መረዳት ግድ ነው፤ ስለዚህ ባለሙያዎቹ አጠገብ ተቀምጬ ምን እንደሚጠይቁና ምን እንደሚጽፉ ተከታተልኩ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ከእናት ወይም ከአባት ጋር ክሊኒክ እንደምትሄዱ፣ አንዳንዴም እንደምታስተረጉሙ አውቃለሁ። ክፍሉ ውስጥ ምን እየተሠራ እንደሆነ ብታውቁ ቀጠሮው የተሻለ ይሆናል።

አራቱ ደረጃዎች

ሥነ ምግብ ማለት ምግብ በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ የሚያጠና ዕውቀት ነው። በዚህ ዕውቀት በሽተኛን የሚያማክሩት ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ዳይቴሽያን ይባላሉ። ሙያው አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1917 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ኦሃዮ ውስጥ ክሊቭላንድ ከተማ ነው። ሌና ኩፐርና ሉሉ ግሬቭስ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ናቸው የመሠረቱት።

ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት የጋራ አሠራር አልነበራቸውም። አንዷ ባለሙያ ደብዳቤ የሚያህል ማስታወሻ ትጽፋለች፤ ሌላው «ስለ አመጋገብ ተመክረዋል» ብሎ በአንድ መስመር ይዘጋል። በሽተኛው ሌላ ባለሙያ ጋር ሲሄድ ሁሉም ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። በ2003 ማኅበሩ ለሁሉም የሚሆን አንድ መንገድ አጸደቀ፤ ስሙ «የሥነ ምግብ እንክብካቤ ሂደት» ነው። ዛሬ በካናዳ፣ በአውስትራሊያ፣ በስዊድንና በሌሎች አገሮችም ይሠሩበታል።

መንገዱ አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ መጠየቅና መለካት። ቀጥሎ ችግሩን በስሙ መጥራት። ከዚያ እርምጃ መውሰድ። በመጨረሻ ለውጥ መኖሩን መከታተል። ሲነገር በጣም ተራ ነገር ይመስላል። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ደረጃ ሳይጻፍ ሦስተኛው አይጀመርም። ማቀዝቀዣው ላይ ያለው ወረቀት ሦስተኛው ደረጃ ብቻውን የተቀመጠ ነው።

«ትንሽ ነው የበላሁት»

የመጀመሪያው ደረጃ ከሁሉም ይከብዳል፤ ለእኛ ቤተሰቦች ደግሞ በተለይ። ባለሙያዋ አምስት ዓይነት መረጃ ትሰበስባለች። የሚበላውና የሚጠጣው፤ ቁመትና ክብደት፤ የደም ምርመራ ውጤት፤ በዓይን የሚታየው ነገር፣ ለምሳሌ የጥፍር፣ የፀጉርና የጡንቻ ሁኔታ፤ በመጨረሻም የሰውየው የኑሮና የሕመም ታሪክ። ክብደትን ሚዛን ይናገራል። ደሙን ላቦራቶሪ ይናገራል። የሚበላውን ግን ሰውየው ራሱ መናገር አለበት።

የተለመደው ጥያቄ እንዲህ ነው፦ «ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሱ ጀምሮ እስኪተኙ ድረስ የበሉትንና የጠጡትን ሁሉ ይንገሩኝ።» የእኛ ገበታ ለዚህ ጥያቄ አይመችም። አራት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ የአንዱ ድርሻ የቱ ነው? እንግዳ መጥቶ ሦስት ጊዜ ካጎረሳችሁ ያ በማን ይቆጠራል? በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ። እናት «ትንሽ ነው የበላሁት» የሚሉት ዋሽተው አይደለም፤ ብዙ በላሁ ማለት ነውር ስለሆነ ነው። ቡና ደግሞ ብዙዎች ዘንድ «ምግብ» አይደለም። ጠዋት ሦስት ሲኒ ከስኳር ጋር፣ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ጋር ሦስት ሲኒ ከስኳርና ከቆሎ ጋር፤ ግን «ከምሳ በፊት ምንም አልቀመስኩም» ይባላል። ባለሙያዋ «ቡና ስንት ሲኒ? በየሲኒው ስኳሩ ስንት ማንኪያ?» ብላ ለይታ ካልጠየቀች አታገኘውም።

እንጀራውም አንድ ዓይነት አይደለም። አገር ቤት ከጤፍ ብቻ የተጋገረ የሚበሉ ወላጆች ውጭ አገር ጤፍን ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከሩዝ ዱቄት ጋር ይቀላቅላሉ። አንዱ ቤት የሚጋገረው ትሪ የሚሞላ ነው፤ ሌላው ቤት ደግሞ መጥበሻ የሚያህል። አሜሪካ ውስጥ የስኳር ሕመምተኞች ምግባቸውን ብዙ ጊዜ በ15 በ15 ግራም ካርቦሃይድሬት ይቆጥራሉ፤ የእንጀራው ክብደት ሳይታወቅ ይህ ቁጥር ግምት ብቻ ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ከቀጠሮው በፊት አንድ እንጀራ በወጥ ቤት ሚዛን መመዘንና ክብደቱን ከዱቄቱ ዓይነት ጋር ስልክ ላይ መጻፍ። ዘይቱም እንደዚሁ፤ ወጥ ውስጥ የገባውን ዘይት በማንኪያ መገመት አይቻልም። «በወር ስንት ጠርሙስ ዘይት ያልቃል? ለስንት ሰው?» ብሎ መጠየቅ ግን ይቻላል።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ሰዓት። አባት «ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምበላው» ካሉ ከምሽቱ ስምንት ሰዓት ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ነውና። ልጅ ቸኩሎ «ቱ ኦክሎክ» ብሎ ቢያስተረጉም፣ እራት በአንድ ጊዜ ስድስት ሰዓት ይሸሻል። የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ቃላትም እንዲሁ ይጥላሉ። «ጨጓራ አለብኝ» ማለት ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ያመኛል ማለት ነው። «ስኳር አለብኝ» ሕመሙን እንጂ የሚጠጣውን ሻይ አይናገርም። «ቅባት» ዘይት ሊሆን ይችላል፣ ቅቤም ሊሆን ይችላል፣ ሰውነት ላይ የሚቀባም ሊሆን ይችላል።

ስለ ማስተርጎም ካነሳን፣ አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልናገር። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ክፍል 1557፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ የጤና ተቋማት እንግሊዝኛ ለማይችል በሽተኛ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያዛል። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በስተቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግም አይፈቀድም። ይህን የምለው ልጆች ስለማይችሉ አይደለም። እናት በልጃቸው ፊት የማይናገሩት ነገር ስላለ ነው፤ የሆድ ድርቀት፣ የወር አበባ፣ ወይም ደግሞ የወሩ መጨረሻ ላይ ለቤት ኪራይ ሲባል ራት የተዘለለበት ሳምንት። እዚያ ዝም የተባለው ነገር አንዳንዴ ዋናው ምክንያት ነው።

ሁለት አባቶች፣ አንድ ቁጥር

ሁለተኛውን ደረጃ በምሳሌ ላሳያችሁ። ሁለት አባቶችን እናስብ። የፈጠርኳቸው ናቸው፤ ግን የምታውቋቸው ይመስላችኋል። ሁለቱም ዕድሜያቸው 60 ገደማ ነው። ሁለቱም የስኳር ሕመም አለባቸው። የደም ምርመራቸው፣ እኛ «የሦስት ወር ስኳር» የምንለው፣ የሁለቱም 7.9 ነው። ይህ ቁጥር 6.5ና ከዚያ በላይ ሲሆን የስኳር ሕመም ይባላል፤ ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው።

የመጀመሪያው አባት ሌሊት ታክሲ ይነዳሉ። እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ለስላሳ ይጠጣሉ፤ በአንድ ሌሊት ሦስት ጣሳ። አንድ 355 ሚሊ ሊትር ጣሳ ወደ 39 ግራም ስኳር አለው፤ አሥር የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። ቤት የሚገቡት ሊነጋ ሲል ነው፤ የተቀመጠላቸውን እንጀራ በልተው ወዲያው ይተኛሉ። ሁለተኛው አባት ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ታማሚ እህታቸውን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ከሄዱ አራት ወር ሆኗቸዋል። አባት በሕይወታቸው ወጥ ሠርተው አያውቁም። ጠዋትና ማታ ዳቦ በሻይ ነው፤ የበሰለ ምግብ የሚያገኙት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ነው።

ለሁለቱም «እንጀራ ይተዉ» ቢባልስ? የመጀመሪያው ጋር ለስላሳው ሳይነካ ይቀራል። ሁለተኛው ደግሞ መጀመሪያውኑ እንጀራ አያገኙም።

ባለሙያዋ በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለባት፤ ሦስት ክፍል ያለው። ችግሩ ምንድን ነው፣ ምክንያቱ ምንድን ነው፣ ማስረጃው ምንድን ነው። ለመጀመሪያው አባት እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ከሚገባው በላይ ስኳር መውሰድ፤ ምክንያቱ፦ በሌሊት ሥራ ላይ ለመንቃት ለስላሳ መጠጣት፤ ማስረጃው፦ በሌሊት 3 ጣሳ ለስላሳ፣ የሦስት ወር ስኳር 7.9።» ለሁለተኛው ደግሞ፦ «ለራስ ምግብ ማዘጋጀት አለመቻል፤ ምክንያቱ፦ የምግብ አሠራር አለማወቅና ብቻ መኖር፤ ማስረጃው፦ በቀን ሁለት ጊዜ ዳቦ በሻይ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የበሰለ ምግብ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ሳየው የሥራ ባልደረቦቼን አስታወሰኝ። እኛ ጋር አንድ ሰው «ፕሮግራሙ አይሠራም» ብሎ ቢጽፍ ማንም ሊያስተካክለው አይችልም። ምን ሲጫን፣ መቼ፣ ምን ታየ ተብሎ ሲጻፍ ነው ሥራ የሚጀመረው። ልዩነቱ የእኛ ፕሮግራም አያፍርም፣ አይራብም፣ ባለቤቱም አዲስ አበባ አትሄድም።

ልብ በሉ፤ «የስኳር ሕመም» የሚለው ስም ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። ያ የሐኪሙ ሥራ ነው፤ የባለሙያዋ ሥራ በምግብ በኩል ሊስተካከል የሚችለውን ክፍል ነጥሎ ማውጣት ነው። የስኳር ሕመሙ ከአባት ጋር ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። ሦስቱ ጣሳ ለስላሳ ግን ከሁለት ወር በኋላ «ተፈትቷል» ተብሎ ሊዘጋ የሚችል ጉዳይ ነው። ለአንድ በሽተኛ ይህ ትልቅ ነገር ይመስለኛል። በሕይወቱ ውስጥ የሚዘጋ ነገር አለ ማለት ነውና።

ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ የቃላት ዝርዝርም አለ። ባለሙያዎች አንዱን ችግር በአንድ ስም እንዲጠሩት ነው፤ አለበለዚያ የአንዱን ሆስፒታል መዝገብ ከሌላው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ይህን ዝርዝር ኮምፒውተር ይወደዋል፤ እኔ ግን ትንሽ እፈራዋለሁ። በሽተኛ ሲበዛና ሰዓት ሲያጥር፣ ሰው ከዝርዝሩ ውስጥ መጀመሪያ ያየውን ይጫናል። «የዕውቀት ማነስ» የሚለው ምርጫ ለሁሉም ሰው የሚመች ይመስላል፤ ወረቀት ሰጥቶ ለመሸኘትም ይቀላል። ታክሲ የሚነዱት አባት ለስላሳ ስኳር እንዳለው ሳያውቁ ቀርተው ነው? ያውቃሉ። የከበዳቸው እንቅልፉ ነው።

እርምጃው ምክንያቱን ይከተላል

ምክንያቱ በትክክል ከተጻፈ ሦስተኛው ደረጃ ብዙ አያስቸግርም። ለመጀመሪያው አባት ለስላሳውን በውኃና ስኳር በሌለው ሻይ መቀየር፣ ሥራ ከመውጣታቸው በፊት በወጉ እራት መብላት፣ ለሌሊቱ ምሳ ዕቃ ውስጥ የሚያዝ ነገር ማዘጋጀት። እንጀራው ይቀራል፤ ምናልባት መጠኑ ይቀንሳል፣ ጎመኑና ሰላጣው ይበዛል። ለሁለተኛው አባት ደግሞ እርምጃው ከምግብ ዝርዝር ይልቅ የሰው ጉዳይ ነው። ልጃቸው እሑድ መጥታ ምስርና ሽሮ ሠርታ በየዕቃው ከፋፍላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብታስቀምጥ፣ አባት ማሞቅ አያቅታቸውም። እንቁላል መጥበስ ደግሞ በ60 ዓመትም ይለመዳል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ምግቡን በድንገት ሲቀንስ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ለውጡን መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ማወቅ አለበት።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችሁ ልምጣ። የደም ማነስ ያለባት፣ የምትጾም አንዲት ወጣት እናስብ። ኦርቶዶክስ ለሆነች ምእመን በዓመት ውስጥ ያለው የጾም ቀን ብዙ ነው፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብም አለ። በእነዚህ ቀኖች ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይበላም። «ጤፍ ብረት አለው፣ እንጀራ ብዪ» የሚል ምክር ይመጣል። እውነት ነው፤ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሰንጠረዥ በ100 ግራም ያልበሰለ ጤፍ 7.63 ሚሊ ግራም ብረት አለ ይላል። የሊጡ መቡካትም ይረዳል፤ ብረቱን ይዞ የሚያስቀረውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል። ነገር ግን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኝ ብረት ወደ ሰውነት ለመግባት አስቸጋሪ ነው። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ የበለጠ ያግደዋል። ቫይታሚን ሲ ያለበት ነገር፣ ለምሳሌ የቲማቲም ሰላጣ ከሎሚና ከቃሪያ ጋር፣ ያግዘዋል።

ባለሙያዋ ይህችን ወጣት ጠይቃ ምሳ በበላች ቁጥር ወዲያው ቡና እንደምትጠጣ ካወቀች፣ የመጀመሪያው እርምጃ ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ማራቅ ሊሆን ይችላል። ቡና የምንጠጣበትን ልማድ ማንም አልነካውም፤ ሰዓቱ ብቻ ተዛወረ። ብዙ ደም የሚፈስበት የወር አበባ ካለ ግን ምክንያቱ ሳህኑ ላይ አይደለም፤ ወደ ሐኪም መመለስ አለባት። ለረጅም ጊዜ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማትበላ ከሆነ ቫይታሚን ቢ 12ም መታየት አለበት፤ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነውና፣ ከጎመንና ከምስር አይገኝም።

ጾሙን ራሱን በተመለከተ፣ ጥሩ ባለሙያ «ጾሙን ይፍቱ» ብላ አትጀምርም። መቼ መቼ እንደሚጾም፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ በምን እንደሚፈታ ትጠይቃለች። የታመመ ሰው በቤተ ክርስቲያንም በእስልምናም የሚታሰብለት ነገር አለ፤ ያንን የሚወስኑት በሽተኛው፣ የንስሐ አባቱ ወይም ሼኹና ሐኪሙ ናቸው። በረመዳን መድኃኒት ለሚወስዱ ቤተሰቦች ደግሞ ምክሩ መፈለግ ያለበት ጾሙ ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ መደወል ዘግይቷል።

ክትትል

አራተኛው ደረጃ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋውም እሱ ነው። ሰው አንድ ጊዜ ይመከራል፣ ከዚያ ማንም አይጠይቀውም። እዚህ ላይ መለኪያውን መምረጥ ያስፈልጋል። «የሦስት ወር ስኳር» ስሙ እንደሚለው ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ነው የሚያሳየው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሶ ቢለካ ስለ ለስላሳው ብዙ አይናገርም። የጣሳው ቁጥር ግን በሁለት ሳምንት ይቆጠራል። ስለዚህ ማስረጃ ተብሎ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የተጻፈው ነገር ራሱ ተመልሶ ይታያል፤ ሦስት ጣሳ ነበር፣ አሁን ስንት ነው? ምንም ካልተለወጠ አባት ተወቃሽ አይደሉም። ምናልባት የተጻፈው ምክንያት ትክክል አልነበረም፤ ባለሙያዋ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ተመልሳ እንደገና ትጠይቃለች።

ገንዘቡስ? ሜዲኬር ያላቸው አያቶችና ወላጆች የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸውና ሐኪም ከላካቸው፣ በመጀመሪያው ዓመት 3 ሰዓት፣ በየቀጣዩ ዓመት 2 ሰዓት የዚህ ምክር ይሸፈንላቸዋል። ብዙ ቤተሰብ ይህን መብቱን አያውቀውም። ስለዚህ ሐኪሙን «ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ ይላኩን» ብሎ መጠየቅ ነው።

ማን ጋር እንደምትሄዱም እዩ። አሜሪካ ውስጥ «የተመዘገበ ዳይቴሽያን» የሚለው ስም የሚሰጠው ተምሮ፣ ተለማምዶ፣ ፈተና ላለፈ ሰው ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ፈተናውን ለመውሰድ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል። «ኒውትሪሽኒስት» የሚለውን ስም ግን በብዙ ግዛቶች ማንም ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። እንግሊዝ አገር «ዳይቴሽያን» የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ነው። ቲክቶክ ላይ «በሰባት ቀን ስኳርን ደህና ሁን» የሚሉት ሰዎች አንድም ጥያቄ ሳይጠይቋችሁ ነው መልስ የሚሰጡት፤ በዚህ ብቻ ልትለዩአቸው ትችላላችሁ።

የምግባችን ቁጥር የት አለ?

ስልክ ላይ ያሉ የካሎሪ መቁጠሪያዎች ስለ ሽሮ ብትጠይቋቸው ሦስት የተለያየ ቁጥር ሊሰጧችሁ ይችላሉ። አንዱን ማን እንደጻፈው አይታወቅም። በሙያዬ ምክንያት ይህ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የምግባችን ልኬት አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያና ስዊድን በጋራ ያቋቋሙት የሕፃናት ሥነ ምግብ ተቋም የኢትዮጵያን ምግቦች ይዘት የሚያሳይ ሰንጠረዥ ማሳተም የጀመረው በ1968 ነው። ወላጆቻችሁ በልጅነታቸው የሚያውቁት የፋፋ ዱቄትም የዚያው ሥራ ፍሬ ነው፤ ጠይቋቸው፣ ጣዕሙን እስከ ዛሬ ያስታውሱ ይሆናል። በ2022 ደግሞ ኢትዮጵያ የራሷን የአመጋገብ መመሪያ አውጥታለች። ባለሙያዋ እነዚህን ካላወቀች ብትነግሯት ብዙ ጊዜ ደስ ይላታል፤ እኔ አጠገባቸው የተቀመጥኩ ባለሙያዎች ስለ ጤፍ ሲነገራቸው ማስታወሻ ይይዙ ነበር።

ከቀጠሮው በፊት

ቤት ውስጥ ልትጀምሩት የምትችሉት የመጀመሪያውን ደረጃ ነው። አንድ የሥራ ቀንና አንድ የእረፍት ቀን ምረጡ፤ ጾም ካለ ደግሞ አንድ የጾም ቀን ጨምሩ። በእነዚያ ቀኖች ሳህኑን ከመብላት በፊት ፎቶ አንሱ፤ ሰዓቱን ስልኩ ራሱ ይይዘዋል። ከትሪ ከሆነ የሚበላው፣ ለአንድ ቀን ብቻ ለእናት በተለየ ሳህን አቅርቡላቸው። ቅር ሊላቸው ይችላል፤ «ለሐኪሙ ለማሳየት ነው» ብትሏቸው ይገባቸዋል።

አጠያየቃችሁም ለውጥ ያመጣል። እናታችሁን «አንቺ» የምትሉ ከሆነ፦ «እማዬ፣ ትናንት ስትነሺ መጀመሪያ ምን ቀመስሽ?» አክስትን ወይም አያትን ከሆነ ግን፦ «ትናንት ሲነሱ መጀመሪያ ምን ቀመሱ?» «ምን በላሽ?» ከማለት «ምን ቀመስሽ?» ማለት ይሻላል፤ ቡናውም ቆሎውም አብሮ ይመጣል። «ብዙ ነው የበላሽው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አይ፣ ትንሽ ነው» ይሆናል። «የተረፈው ስንት ነው?» ብትሉ ግን ቁጥር ታገኛላችሁ። ሰዓት ሲነገራችሁም «ቀን ነው ማታ?» ብላችሁ አረጋግጡ።

ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ ባለሙያዋ ምክር ከመጀመሯ በፊት «ችግሩን እንዴት ብለው ጻፉት?» ብላችሁ ልትጠይቋት ትችላላችሁ። መልሷ ውስጥ ምክንያቱን ፈልጉ። አባት ያንን ምክንያት በአማርኛ ሲሰሙት ራሳቸውን ከነቀነቁ ትክክል ነው። ዝም ካሉ ግን «አባዬ፣ እንደዚህ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ምክሩ ትንሽ ይቆይ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ «በሚቀጥለው ስንመጣ የሚያዩት ምኑን ነው?» የምትነግራችሁን ነገር ጻፉ፤ ጣሳው ከሆነ ጣሳውን፣ የእንጀራው መጠን ከሆነ መጠኑን፣ የደም ምርመራ ከሆነ ቀኑን።